ወንበር ትቶ ሜዳ መውረድ ነውር ነውን?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ከጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አንሥቶ በለቡ፥ በመካኒሳ፥ በላፍቶና በጐፋ በኩል ወጣቱም ጐልማሳውም ቱታውን ለብሶ የመንገድ ዳር ይዞ ይሮጣል። አንዳንዱም በቡድን ተሰልፎ በአንድ ሰው ትእዛዝ ክንዱን ይዘረጋል፥ ጉልበቱን ያጥፋል። በየፎቁም ላይ «ጂም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ይታያል። ይህ ደግ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከዚሁ ጋር የመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ፊት ቆሞ «አንድ፥ ሁለት» እያለ የሚያሠራው ሰው አንዳንድ ጊዜ ትናንት የሒሳብ ሠራተኛ፥ የባንክ ጸሐፊ ወይም የመዝገብ ቤት ኀላፊ የነበረ መሆኑ ነው። ዲግሪውን ይዞ፥ ወንበሩን አግኝቶ፥ የወር ደመወዙን ሲቀበል የነበረ ወጣት መሥሪያ ቤቱን ለቆ የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኝ ሆኗል።

ይህን የሰሙ ቤተ ዘመዶች ብዙ ጊዜ ደስ አይላቸውም። «ይህን ሁሉ ዘመን የተማረው ሰው ሊያዘልል ነውን?» ይላሉ። እናት ታዝናለች፤ አባት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ያነሣል፤ የሥራ ጓደኞቹም ግማሾቹ ይሥቁበታል፥ ግማሾቹ በልባቸው ይቀኑበታል። ጉዳዩ የአንድ ሰው የእንጀራ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ባልገባንበት ነበር። ነገር ግን ይህ ገጽ በሚነበብባቸው ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ አሳብ በልቡ የያዘ ወጣት ጥቂት ስላልሆነ፥ ነገሩን በሁለቱም ወገን መርምሮ መናገር ይገባል ብለን እናምናለን። በእኛ አስተያየት ወንበርን መልቀቅ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ሳይማሩ የሌላውን ሰው አካል ለማዘዝ በመድፈር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወንበሩ ክብር እንናገር። ባገራችን ወንበር ከሥራ መሣሪያነቱ ይልቅ ማዕርግነቱ ጎልቶ ኖሯል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሹመትን ከአገልግሎት ነጥሎ ከጥቅም ጋር ያጋባ ነው። በአንጻሩ በእጁና በጉልበቱ የሚያድረው ሰው፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው ሁሉ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን እስከ መከልከል የደረሱት ይህ ልማድ አገርን ወደ ኋላ የሚያስቀር ስለ ነበረ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ከአደባባይ ቢቀንስም ከልባችን ግን ገና ፈጽሞ አልወጣም፤ አለዚያማ ልጁ በላቡ ሲያድር ወላጅ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድር ነው?

አሁን ደግሞ ያከበርነው ወንበር በበኩሉ ምን እንደሚያደርገን እንመልከት። በ1946 ዓ.ም. ዶክተር ጄሪ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው «ላንሴት» በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ያነጻጸሩትም በሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ትኬት ቈራጮች ነው። ሁለቱ የሚሠሩት ባንድ መኪና ውስጥ ሲሆን ኑሯቸውም የተቀራረበ ነው። ልዩነታቸው ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ፥ ትኬት ቈራጩ በሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ የደረጃ እርከን መውጣቱ ነው። ታዲያ የልብ ሕመም ይበልጥ የበረታው በሾፌሮቹ ላይ ሆነ። እንደዚሁም በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት የፖስታ ሠራተኞች ከቢሮ ጸሐፊዎችና ከስልክ ኦፕሬተሮች ይልቅ ከዚህ ሕመም የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። ቆየት ብለውም ዶክተር ሞሪስ የደንብ ልብሱን ልክ መርምረው፥ ሾፌሮቹ ከጥንቱም ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደ ነበር ራሳቸው አሳውቀዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ ያመጣው ወንበሩ ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረገው ምርምር ዋናውን ነገር አጽንቶታል፤ የማይንቀሳቀስ ሰው ልቡ ይደክማል።

የእኛው ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ወሬ ያስተላልፍ ከነበረው የነፋስ ስልክ መሆኑ እዚህ ላይ ቢነሣ አይከፋም። ጥንት መልእክት የሚሄደው በሰው እግር ነበር። መልእክቱ በነፋስ መሄድ ሲጀምር ለሥራው በጀ፤ እግራችን ግን ሥራ ፈታ። ዛሬ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በታክሲ ተቀምጦ ይሄዳል፥ ቢሮ ገብቶ ይቀመጣል፥ ምሳውን ተቀምጦ ይበላል፥ ማታም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያመሻል። አንድ ፋይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ለማድረስ እንኳ ኮምፒዩተሩ ተክቶታል። ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ከደም ውስጥ ስኳርን ስቦ ያቃጥላል፤ ሥራ ሲያጣ ግን ስኳሩ በደም ውስጥ ይቆያል፥ የተረፈውም ምግብ በወገብ ዙሪያ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ሥጋችን እንዲህ ያለ ሒሳብ ይይዛል፤ ይህንንም ሒሳብ ማንም አለቃ ሊሰርዘው አይችልም።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስለን አኀዙን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው ከዓለም ጐልማሶች ከመቶው 31ዱ፥ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፥ ለጤና የሚበቃ እንቅስቃሴ አያደርጉም። ባገራችን ከሕዝቡ የሚበዛው ገበሬ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ገና አልተጐዳንም። ገበሬው ሞፈር ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ስፖርት ሠራሁ አይልም፤ ሠርቷል ግን። ሆኖም በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከጐልማሶች ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከሚደርሰው ሞት ከመቶው 39 የሚሆነው እንደ ልብ ሕመም፥ እንደ ስኳር በሽታና እንደ ካንሰር ካሉት ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች የሚመጣ ነው። ከተማውም ቢሮውም እየበዛ በሄደ መጠን ይህ ቍጥር ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ሐኪም የታመመውን ያክማል፤ እንዳይታመም የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? የአሠልጣኝ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። አሠልጣኝ ለሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ ልናውቅ ይገባን ነበር። ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራችን መጥተው የሰውነት ማጎልመሻን ሲያስተምሩ፥ ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላን አሠለጠኑ። አበበም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ዳግመኛ አሸነፈ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን መሥመሩን ካለፈ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። ሕዝቡ ወድቆ ይቀራል ብሎ ሲጠብቅ እርሱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ያፍታታ ጀመር። እንዲህ ያለው ልማድ በአንድ ቀን ጀግንነት አይገኝም፤ የብዙ ጧት ትምህርት ውጤት ነው።

ወደ አርሲም ብንሄድ ይኸንኑ እናገኛለን። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ወርቅ ቤት አልነበራቸውም፥ ሜዳና ጧት ነበራቸው። ከእጃቸው ያለፉት ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የዓለምን አደባባይ እንዴት እንዳስጨበጨቡት ሁሉም ያውቃል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ለወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ታዲያ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሜዳ ላይ ቆሞ «እንደገና ሩጡ» ይል የነበረውን ሰው ሥራ ከማንኛውም ቢሮ ሥራ አሳንሶ የሚያይ ሰው ይኖራልን?

እርግጥ ነው፥ የሠፈር አሠልጣኝ ወርቅ አያመጣም። ወደ እርሱ የሚመጡት ቀነኒሳና ጥሩነሽ አይደሉም፤ ስኳር የያዛቸው የ50 ዓመት አባት፥ ከወሊድ በኋላ ወገቧን የሚያማት እኅት፥ ኮምፒዩተር ላይ ተጐንብሶ አንገቱ የደረቀበት ወጣት ጸሐፊ ናቸው። የእርሱ ሜዳልያ ሌላ ነው። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አባት ከሦስት ወር በኋላ ዘንቢላቸውን ይዘው ሳያርፉ ደረጃውን ከወጡ፥ አሠልጣኙ አሸንፏል። ይህን ድል ራዲዮ አያወራውም፤ ቤተሰቡ ግን ያውቀዋል።

እስካሁን ያልነው ወንበሩን ለሚለቀው ወጣት የሚያግዝ ነው። አሁን ደግሞ ልንገሥጸው ነው። «ራስ ሳይጠና ጉተና» ይባላል። ስልኩን ከፍቶ የባሕር ማዶ ሰው ሲያደርገው ያየውን በማግስቱ ለሌላው የሚያስተምር ሞልቷል። ለ20 ዓመት ተማሪና የደም ግፊት ላለባቸው እናት አንድ ዓይነት ዝላይ ያዛል። «በአንድ ወር 15 ኪሎ አስቀንሳለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ከዚህም የከፋው፥ ጡንቻ በቶሎ ያሳብጣል የሚባለውን ክኒንና መርፌ በስውር የሚሸጠው ነው። ስቴሮይድ የሚባሉት እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ጉበትንና ልብን ይጐዳሉ፤ ወንዱንም መካን እስከ ማድረግ ይደርሳሉ። በቢሮ ውስጥ የተሳሳተ ደብዳቤ ቢጻፍ ተሠርዞ እንደገና ይጻፋል። የተበጠሰ ጅማትና የቆመ ልብ ግን እንደገና አይጻፍም።

ስለዚህ አሠልጣኝ ልሁን የሚል ሰው ቢያንስ የሚከተለውን ማወቅ ይገባዋል። በመጀመሪያ ከማዘዙ በፊት መጠየቅ ነው፤ ዕድሜው ስንት ነው፥ ምን ሕመም አለበት፥ ምን መድኃኒት ይወስዳል? የደረት ሕመም የሚሰማው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ሲመጣ «በርታ» ሳይሆን «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ማለት ነው። ሁለተኛም መጠን ማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ለጐልማሳ የሚያዝዘው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ከዚህም ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ይህ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ከመራመድ ይጀምራል፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ የሚወርድ ሰው ግማሹን አገኘ ማለት ነው። ከተማችንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በእጅጉ ከፍ ያለች፥ አየሯም ስስ ስለ ሆነ፥ ከቆላ የመጣ እንግዳና አዲስ ጀማሪ ቀስ ብሎ እንዲጀምር ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ያገሩን ኑሮ ማወቅ ነው። ከባሕር ማዶ የተቀዳ የምግብ ዝርዝር ይዞ «በየቀኑ ስድስት እንቁላልና የዶሮ ሥጋ ብላ» የሚል አሠልጣኝ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ምን ሊል ነው? ጿሚው ጾሙን አይተውም፤ የሚተወው አሠልጣኙን ነው። ዐዋቂው አሠልጣኝ ግን ምስርና ባቄላ፥ ሽሮና ሽምብራ፥ ሱፍ፥ ሰሊጥና ተልባ ምን እንደሚሰጡ ያውቃል። የጤፍ እንጀራ ከምስር ወጥ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ ያስረዳል። በረመዳን ወር የሚጾመውንም ወንድሙን ውሃ በማይጠጣበት ሰዓት ከባድ ሥራ አያሠራውም፤ ከአፍጥር በኋላ ያለውን ሰዓት ይመርጥለታል። ይህ ዕውቀት በማንኛውም ባሕር ማዶ በተነሣ ፊልም ላይ አይገኝም። የእኛ ልጅ ከውጭው አሠልጣኝ የሚበልጠውም በዚህ ነው።

ትምህርቱ የት ይገኛል ለሚል፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤን የመሰሉት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ሳይንስን ያስተምራሉ። ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ግድ ባይሆንበትም፥ የአጥንትና የጡንቻን አሠራር፥ የልብና የሳንባን ሥራ፥ የመጀመሪያ ርዳታ አሰጣጥንም በሚገባ ሳይማር ሰው ፊት መቆም የለበትም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የኪስ ነገር ነው። ተማሪዎች ስለዚህ ብዙ አያስቡም፤ ደመወዝ የለመደ ሰው ግን ያስባል፥ ማሰቡም ደግ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ከደመወዙ 7 በመቶ እርሱ፥ 11 በመቶ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ለጡረታው ይከፍሉለት ነበር። ሲለቅ ይህ ይቆማል፤ ለእርጅናው የሚያስብለት እርሱ ራሱ ብቻ ይሆናል። ደንበኛም እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። በመስከረም ወር አዲስ ዓመት ነውና ሁሉም «ዘንድሮስ ስፖርት እጀምራለሁ» ብሎ ይመዘገባል፤ ወራቱ ሲገፉ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ክረምት ሲገባና ዝናቡ ሲበረታም ሜዳው ባዶ ይሆናል። የቤት ኪራይ ግን ክረምትና በጋ አይለይም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው እንዲህ ነው። አለቃህን ተቈጥተህ በአንድ ጧት የመልቀቂያ ደብዳቤ አትጻፍ። አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ በፊት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፥ ከሥራም በኋላ ማታ ሰዎችን በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ አሠልጥን። በዚሁ ዓመት ተማር። ቢያንስ የስድስት ወር መተዳደሪያ አጠራቅም። ክረምቱን አልፈው ከአንተ ጋር የቆዩትን ሰዎች ቍጠራቸው፤ የሥራህ መሠረት እነርሱ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ጧት ለመነሣት አሁንም ደስ የሚልህ ከሆነ፥ ያን ጊዜ ደብዳቤውን ጻፍ፤ በደንብም አስረክበህ፥ ጓደኞችህን ተሰናብተህ ውጣ። ሳትሰለች መነሣት ካልቻልህ ግን ያስጠላህ አለቃህ እንጂ ወንበሩ አልነበረም ማለት ነው።

ከቢሮ ይዞት የሚወጣውም መልካም ነገር አለ። መዝገብ መያዝ የሚያውቅ ሰው የእያንዳንዱን ሠልጣኝ ክብደት፥ የደም ግፊትና የሠራውን ሥራ በቀን በቀኑ ይጽፋል። ሰዓት ማክበር የለመደ ሰው ሠልጣኙን በብርድ አያስጠብቅም። ምስጢር መጠበቅ የተማረ ሰው የአንዷን ሕመም ለሌላዋ አያወራም። እንግዲህ ጥሩ የቢሮ ሠራተኛ የነበረ ሰው ጥሩ አሠልጣኝ ለመሆን ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ በቢሮው ሰነፍ የነበረ ግን ሜዳ ቢወርድም ስንፍናው ቱታ ለብሶ ይከተለዋል።

ቀሪው ድርሻ የሌሎቻችን ነው። ጂም ገብቶ በወር ለመክፈል የሚችለው ሰው ጥቂት ነው፤ ለብዙው ሰው የሚያስፈልገው ሜዳ፥ መብራትና ጸጥታ ነው። በ2011 ዓ.ም. መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው ለሕዝብ መከፈት ሲጀምሩ፥ የከተማው ሰው ምን ያህል ሜዳ እንደ ተጠማ ታይቷል። በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሯጮች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያሰልፋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን መሮጥ ጤና አይሆንም። የትምህርት ቤት ሜዳዎች ተማሪ በሌለበት ጧትና ቅዳሜ ለሠፈሩ ሰው ቢከፈቱ፥ የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራትም ግቢያቸውን መኪና ማቆሚያ ብቻ ከማድረግ ጥቂቱን ለማስ ስፖርት ቢተዉ፥ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ጧት በጨለማ ለመውጣት የሚፈሩትና በሴት አሠልጣኝ ዘንድ መሥራት የሚወዱት እኅቶቻችን ብዙ ናቸውና፥ ሴቶች ልጆች ወደዚህ ሙያ እንዲገቡ ማበረታታትም ያስፈልጋል። የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም አሠልጣኝ ነኝ የሚለውን ሁሉ የብቃት ማረጋገጫውን ቢጠይቁት፥ ይህ የተማረውን ሰው ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም።

ሁሉም ሰው ቢሮውን ለቆ ይውጣ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። ደብዳቤ የሚጽፍ፥ ሒሳብ የሚያወራርድ፥ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሰው ከሌለ አገር አይቆምም። በወንበሩ ላይ ለሚቀረው ወጣት ሹም የምንለው በየሰዓቱ ተነሥ፥ በደረጃው ውጣ፥ ፋይሉንም አንዳንድ ጊዜ በእግርህ አድርስ ነው። ወንበሩን ለሚለቀውም የምንለው አለን፤ የሰው ሰውነት ከምትተወው መዝገብ ሁሉ የከበረ መዝገብ ነውና ማንበብ ሳትችል አትክፈተው። ለወላጆች ደግሞ፥ ልጃችሁ በንጋት ተነሥቶ የጎረቤቶቻችሁን ልብ የሚያጠነክር ሰው ከሆነ፥ «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ እንላለን።